ፓርቲሽን ሲወድቅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ፒ690 በሚባል ትልቅ ሰርቨር ላይ አንዱን ማሽን እስከ 16 ቦታ መክፈል ይቻል ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ፓርቲሽን ይባላል። የራሱ ሜሞሪና የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው። ከዲስክ ፓርቲሽን ጋር አታምታቱት። እዚህ የማወራው ኤአይኤክስ የተባለው የአይቢኤም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለሚሠራባቸው፣ ፓወር ስለሚባሉት የአይቢኤም ሰርቨሮች ነው።

«ደርቆ ከቀረ ቶሎ አጥፍቶ ማስነሳት ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ስልክ ይጮኻል፣ አለቃ ከኋላ ቆሟል፣ እጅ ወዲያው ወደ ሪስታርት ይሄዳል። ግን ፓርቲሽኑ ለምን እንደደረቀ የሚናገረው በዚያች ሰዓት ሜሞሪው ውስጥ ያለው ነገር ነው። ከሪስታርት ምርጫዎች «ኢሚዲየት» (ወዲያውኑ) የሚለውን ስትመርጡ መብራት እንደጠፋበት ማሽን ይሆናል። ሜሞሪው ይጠፋል፤ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። በሌላ ቀን ያው ነገር ሲደገም እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ኤችኤምሲ በሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ፣ እዚያው ሪስታርት ሥር፣ «ዳምፕ» የሚል ምርጫ አለ። እሱ ሜሞሪው ውስጥ ያለውን የሲስተሙን መረጃ ዲስክ ላይ ይጽፍና ከዚያ ያስነሳል። ጊዜ ይወስዳል፣ አዎ። ለእኔ ያ ጊዜ ባክኖ አያውቅም።

የሚጻፍበት ቦታ ግን መብቃት አለበት። ፓርቲሽኑ ሜሞሪ ሲጨመርለት የዳምፑን ቦታ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ሳይወድቅ በፊት፣ ዛሬውኑ እዩት።

«888 ከታየ ሃርድዌሩ አልቆለታል»

የግድ አይደለም። 888 ሲስተሙ ሲወድቅ የሚታይ የኮድ ቁጥር ነው፤ መውደቁን ነው የሚነግራችሁ። መንስኤው ሶፍትዌርም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ተከትለው የሚመጡት ኮዶች ናቸው፤ ምንም ሳትነኩ ሁሉንም መዝግቧቸው። ዜሮ-ሲ-ዜሮ ካያችሁ ዳምፑ ሙሉ በሙሉ ተጽፏል። ዜሮ-ሲ-አራት ከሆነ ቦታ አንሶት ከፊሉ ብቻ ነው የተጻፈው።

«ፓርቲሽን ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይነካም»

በአብዛኛው እውነት ነው። የአንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢወድቅ ጎረቤቱ ሥራውን ይቀጥላል። ግን ለብዙዎቹ ዲስክና ኔትወርክ የሚያቀብላቸው ቪአይኦ ሰርቨር ራሱ ፓርቲሽን ነው። እሱ አንድ ብቻ ከሆነና ከወደቀ፣ በሱ ሥር ያሉት ሁሉ ዲስክ አጥተው ይንጠለጠላሉ። ያኔ እነሱን አንድ በአንድ ለማስነሳት መሞከር ልፋት ብቻ ነው። መጀመሪያ እሱ ይነሳ። ሁለት ቪአይኦ ሰርቨር ማዘጋጀትን እንደ ቅንጦት የሚያዩ አሉ፤ በፍጹም አልስማማም። ማሽኑን ለፓርቲሽኖቹ የሚከፋፍለው፣ ከሥር ያለው ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር ከወደቀ ደግሞ ሁሉም አብረው ይወርዳሉ።

«ኤችኤምሲው ከተበላሸ ሁሉም ይቆማል»

አይቆምም። የተነሱት ፓርቲሽኖች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እናንተ የምታጡት መቆጣጠሪያውን ነው። ፓርቲሽኖቹን አትንኩ፤ ኤችኤምሲውን ብቻ አስነሱትና እስኪገናኝ ጠብቁ።