ቴሙ ሴላኔ «የአንድ ዓመት ኮከብ» ነበር እንዴ?

ስለ ፊንላንዱ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ቴሙ ሴላኔ ወሬ ሲነሳ አንዳንዱ «አንድ ዓመት ነዶ የጠፋ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ያ ዓመት ጉድ ነበር። በ1992-93 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ለዊኒፔግ ጄትስ ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ 76 ጎል አገባ። የጀማሪዎች ሪከርድ እስከዚያ 53 ነበር፣ የማይክ ቦሲ። 54ኛዋን ሲያገባ ጓንቱን ወደ ላይ ወረወረና ዱላውን እንደ ጠመንጃ ይዞ «ተኮሰባት»። ከዚያ ወዲህ 76ን የደረሰበት ጀማሪ የለም። ግን ሰውየው በ1,451 ጨዋታ 684 ጎል ነው ያስቆጠረው። የቀሩት ከ600 በላይ ጎሎች ታዲያ ከየት መጡ?

«ገና በልጅነቱ ነው ሰሜን አሜሪካ የሄደው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ዊኒፔግ በ1988 ድራፍት (ክለቦች በተራ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥርዓት) በ10ኛ ተራ መረጠው፣ እሱ ግን ፊንላንድ ቀረ። እግሩ ተሰበረ፣ አገገመ፣ በፊንላንዱ ክለብ በዮከሪት ማሊያ በ1992 የአገሩን ሻምፒዮና በላ፣ ከዚያ በኋላ ነው በ22 ዓመቱ የሄደው። በነገራችን ላይ ሄልሲንኪ አካባቢ የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ ሆኖም ሠርቷል! እኔ ይሄን ሳውቅ ነው በጣም የወደድኩት።

«ለፊንላንዶች መንገዱን የከፈተው እሱ ነው» ለሚሉት፦ ፊንላንዳዊው ያሪ ኩሪ ቀድሞታል፣ አምስት ስታንሊ ካፕ (የኤንኤችኤል የሻምፒዮናት ዋንጫ) ይዞ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ አበቃለት» የሚለው ነው። ለማለት ምክንያት ነበራቸው እንጂ፤ በ2003-04 ለኮሎራዶ ክለብ ሲጫወት 16 ጎል ብቻ ነው ያገባው፣ ያ ለእሱ ምንም ማለት ነው። ከዚያ በቀጣዩ ዓመት የክለብ ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ በደመወዝ ተጣልተው ሊጉ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀረ። ለሌላው ኪሳራ፣ ለእሱ ሲሳይ። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ በደንብ አረፈ። ወደ ድሮ ክለቡ አናሃይም ሲመለስ 40 ጎል፣ በሚቀጥለው ዓመት 48! በ2007 ኦታዋን አሸንፈው ስታንሊ ካፕን ሲያነሱ 36 ዓመቱ ነበር። አናሃይም ላይ 8 ቁጥርን ከእሱ በኋላ ማንም አይለብሳትም።

ሌላው ደግሞ «የኦሎምፒክ ወርቅ አለው» ይባላል። የለውም። ስድስት ኦሎምፒክ ተጫውቶ አንድ ብርና ሦስት ነሐስ ነው ያመጣው። ጎልና ለጎል ያቀበለው ሲደመር 43 ነጥብ አለው፣ በወንዶች ኦሎምፒክ ሆኪ ከእሱ በላይ የለም። በ2014 ሶቺ ላይ በ43 ዓመቱ አሜሪካን 5 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለቱን ያገባው እሱ ነበር፣ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ፊንላንድ ወርቁን ያገኘችው በ2022 ቤጂንግ ላይ ነው፣ እሱ ጫማውን ከሰቀለ ከስምንት ዓመት በኋላ።