የሴቶች ጥቃት በዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሕግ

ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሕግ ለረጅም ጊዜ ዓይኑን የጣለው መንግሥት በሰው ላይ በሚያደርሰው በደል ላይ ነበር። ፖሊስ እስረኛን ቢያሰቃይ መብት ተጣሰ ይባላል። ባል ሚስቱን ቢደበድብ ግን «የቤት ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ አስተሳሰብ ምክንያት ብዙ ሴቶች ሞተዋል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1979 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሴቶች ላይ የሚደረግ ማንኛውንም ዓይነት መድልዎ ለማስወገድ የሚያስችለውን ስምምነት ተቀበለ። በአጭሩ «ሲዳው» ይባላል። ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጋብቻ በዝርዝር ይናገራል። ድብደባንና አስገድዶ መድፈርን ግን በስም አያነሳም። ትልቅ ክፍተት ነበር። የስምምነቱ ኮሚቴ በ1992 ባወጣው 19ኛ አጠቃላይ ምክረ ሐሳብ ክፍተቱን ሞላው፤ ጾታን መሠረት ያደረገ ጥቃት ራሱ መድልዎ ነው አለ። በቀጣዩ ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት እንዲወገድ መግለጫ አወጣ። መግለጫው አስገዳጅ አይደለም፤ ግን አካላዊ፣ ወሲባዊና ሥነ ልቦናዊ ጉዳትን፣ ቤት ውስጥ የሚደርሰውንም ጨምሮ፣ በጥቃትነት ፈርጇል።

ደብዳቢው የመንግሥት ሠራተኛ ካልሆነ መንግሥት እንዴት ይጠየቃል? የሕጉ መልስ ግልጽ ነው። መንግሥት ጥቃቱን የመከላከል፣ የመመርመር፣ አጥፊውን የመቅጣትና ተጎጂዋን የመካስ ግዴታ አለበት። አቅሙ እያለው፣ አደጋውን እያወቀ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ጥፋቱ የራሱም ይሆናል።

የብራዚሏ ማሪያ ዳ ፔኛ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1983 ባሏ ተኝታ ሳለች በጥይት መታት፤ እግሮቿ ሽባ ሆኑ። ከዚያ በኋላም በኤሌክትሪክ ሊገድላት ሞከረ። ክሱ ከ15 ዓመት በላይ ያለ መጨረሻ ውሳኔ ተጓተተ። የአሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2001 ብራዚልን ተጠያቂ አደረገ። በ2006 በስሟ የሚጠራ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ወጣ። አንዲት ሴት ያላቋረጠችው አቤቱታ የአንድ ትልቅ አገር ሕግ ለወጠ።

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2009 «ኦፑዝ በቱርክ ላይ» በተባለው መዝገብ ከቤት ውስጥ ጥቃት ሴቶችን አለመጠበቅ መድልዎ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰነ። በጦርነት ጊዜ ለሚፈጸመው ደግሞ ፋና ወጊው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው። በ1998 በሩዋንዳዊው የቀድሞ ከንቲባ ዣን ፖል አካየሱ ላይ በሰጠው ፍርድ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት መፈጸሚያ ሊሆን እንደሚችል አረጋገጠ።

አህጉራዊ ስምምነቶችም አሉ፦ ለአሜሪካ አህጉር የ1994ቱ የቤለም ዶ ፓራ ስምምነት፣ ለአፍሪካ የ2003ቱ የማፑቶ ፕሮቶኮል፣ ለአውሮፓ የ2011ዱ የኢስታንቡል ስምምነት። የመጨረሻውን ቀድማ ያጸደቀችው ቱርክ በ2021 ወጥታለች። በጣም ያሳዝናል።

ተጎጂዋ ራሷስ የት ታመለክታለች? አገሯ የ1999ኙን የሲዳው አማራጭ ፕሮቶኮል (አገሮች ከፈለጉ የሚቀበሉትን ተጨማሪ ስምምነት) ካጸደቀች ለኮሚቴው መጻፍ ትችላለች። በቅድሚያ ግን የአገሯን ፍርድ ቤቶች ጨርሳ መሄድ አለባት። ሕይወቷ አደጋ ላይ ለሆነ ሴት ይህ ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ የአገር ውስጥ ክሱ ከልክ በላይ ከተጓተተ ቅድመ ሁኔታው ይነሳላታል። ኮሚቴውም ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት መንግሥት አስቸኳይ ጥበቃ እንዲያደርግላት ሊጠይቅ ይችላል።