ባለ አንድ ሥራ ዕቃ ምንድን ነው? ኖኪያ፣ ሬዲዮና የእጅ ሰዓት በስማርት ስልክ ዘመን

አባቴ ያለው መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። በጎቹን ሲያሰማራ ሬዲዮኑን በገመድ ትከሻው ላይ ያንጠለጥላትና ቀኑን ሙሉ አብራው ትውላለች፣ ሲፈልግ ይከፍታታል ዜናው ሲያልቅ ይዘጋታል፣ በቃ። ያቺ ሬዲዮ ፎቶ አታሳየውም፣ እገሌ እንዲህ ብሎ ጻፈ አትለውም፣ ሌላ ሥራ የላትም። እኔ ደሞ እዚህ ደብረ ብርሃን ሆኜ ያንኑ ዜና ልስማ ብዬ ስልኬን አነሳለሁ፣ ከዛ ዜናውንም ሳልሰማ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ይሄን ልዩነት ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ነገሩን "አሮጌ ቀፎ መያዝ" ብሎ ብቻ ነው የሚያስበው።

ባለ አንድ ሥራ ዕቃ ማለት ለአንድ ነገር ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው፣ ፈረንጆቹ ዴዲኬትድ ዲቫይስ ይሉታል። ሰዓት ሰዓት ይነግራል፣ የእጅ ባትሪ ያበራል፣ ሒሳብ ማሽን ይደምራል። ድሮ ይሄ ስም ራሱ አያስፈልግም ነበር፣ ዕቃ ሁሉ እንደዛ ነበራ። ስም ያስፈለገው ስማርት ስልክ መጥቶ ሁሉንም ከዋጠ በኋላ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ሲያስተዋውቅ ያለውም ይሄንኑ ነው፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሦስቱም አንድ ዕቃ ውስጥ ገቡ ብሎ። ከዛ ወዲህ የተዋጠውን እናንተው ቁጠሩት፣ ካሜራ፣ ቴፕ፣ ሬዲዮ፣ ካርታ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ ደብተር፣ አሁን ደሞ ቦርሳና ባንክ። ዲጂታል ካሜራ በ2010 በአንድ ዓመት ብቻ ከ120 ሚሊዮን በላይ ለገበያ ቀርቦ ነበር፣ ከዛ በኋላ ቁልቁል ነው የወረደው። አይፖድም በ2001 ወጥቶ በ2022 አፕል አቆመው።

አሁን አንዳንድ ሰው የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነው፣ ስልኩ የዋጠውን ሥራ አንድ በአንድ እያወጣ ለድሮ ባለቤቱ መመለስ። ሰዓቱን ለሰዓት፣ ሬዲዮውን ለሬዲዮ፣ መደወሉን ለበተን ስልክ፣ ማለትም ለባለ ቁልፉ። ስልክህን ጣል ማለት አይደለም፣ የትኛው ሥራ ከስልኩ ቢወጣ ይሻላል ብሎ መለየት ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስተካክል፣ የምንወዳት ኖኪያም ብትሆን አንድ ሥራ ብቻ አይደለም ያላት። 1100 የምትባለው በ2003 ወጥታ በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠችው ጫፏ ላይ የእጅ ባትሪ ይዛ ነው፣ መብራት በሌለበት አገር ሰው ስልክና ባትሪ አብሮ መግዛቱ ነበር። አላርም አላት፣ የእባብ ጨዋታም አላት። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ባትሪዋን አብርተህ በር ከከፈትክ በኋላ ባትሪዋ ወደ ሌላ ነገር አትወስድህም። ስለዚህ ለኔ ትክክለኛው ትርጉም የሥራው ቁጥር አይደለም፣ ሥራውን ሲጨርስ የሚለቅህ ዕቃ ነው።

ለምን ይፈለጋል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሱስ ነው፣ እኔ ግን በሱቅ ልጀምር። የምሠራው ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ነው፣ ፈተና ሲደርስ ተማሪው ተሰልፎ እኔ ገጹን በስልኬ ስደምር፣ 38 ሲደመር 17 እያልኩ ከላይ መልእክት ብቅ ይላል፣ ጣቴ ሳላስበው ይነካዋል፣ ስመለስ ቁጥሩ ጠፍቷል፣ እንደገና ከሀ። ልጆቹ ቆመው ይጠብቁኛል። ባለ ትልልቅ ቁልፍ ሒሳብ ማሽን ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩ ወዲህ ይሄ ነገር ቀረ፣ ማሽኗ በብርሃንና በትንሽዬ ድንጋይ ነው የምትሠራው፣ ቻርጅ አድርጊኝ ብላ አታውቅም።

ሁለተኛው አላርም ነው፣ ይሄ ለኔ ትልቁ ነው። ለኪዳን ልነሳ ብዬ 11 ሰዓት እሞላለሁ፣ ይጮኻል፣ ላጥፋው ብዬ ስልኩን አነሳለሁ፣ አንዴ እጄ ከገባ በኋላ ማታ ስተኛ የመጣውን ሁሉ እዛው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አያለሁ፣ ቀና ስል ነግቷል ኪዳንም አልፏል። ስንት ጠዋት እንዲህ እንደሄደብኝ ሳስበው ያመኛል። አሁን ስልኩ ሌላ ክፍል ነው የሚያድረው፣ ራስጌዬ ያለችው አንድ ድንጋይ የምትበላ የጠረጴዛ ሰዓት ናት፣ ትጮኻለች አናቷን እመታታለሁ እነሳለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በኛ አገር የሚያስፈልግበት ምክንያት ቻርጅ ነው። ሁሉ ነገር አንድ ዕቃ ውስጥ ሲሆን አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ነው የሚጠፋው፣ ሰዓቱም መብራቱም ሬዲዮውም ብሩም የዘመድ ስልክ ቁጥሩም አንድ ላይ። ደብረ ብርሃን ደሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ወደ ጣርማ በርና ጓሳ ከወጣችሁማ ከ3000 በላይ ነው። የስማርት ስልክ ባትሪ ሊቲየም ነው፣ ሲበርደው ውስጡ ያለው ኬሚካል ይዘገይና ኃይሉን እንደልቡ መስጠት ያቅተዋል፣ ስልኩ ደሞ በአንዴ ብዙ ነው የሚስበው፣ ስለዚህ 20 ምናምን ፐርሰንት እያሳየ ድርግም ሊል ይችላል። ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ሲሞቅ ይመለሳል፣ ለዚህ ነው ጠዋት ስትወጡ ከጃኬቱ የውጭ ኪስ ይልቅ ደረታችሁ ጋ ያዙት የምለው። በተን ስልክም ባትሪው ሊቲየም ነው ግን የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ብርዱን ይችለዋል፣ አንዴ ሞልተኸው ቀናት ይከርማል። ቁጥርም ቢሆን ቢያንስ የቅርብ ዘመድን በደብተር ጻፉ፣ ደብተር እኮ ዋናው ባለ አንድ ሥራ ዕቃ ነው።

ኔትወርኩም አለ። እንደኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ያየነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ ያኔ ታች ስልክ (ስማርቱን) የያዘው ሰውና ኖኪያ የያዘው ሰው እኩል ሆኑ፣ ሬዲዮ ያለው ደሞ ከሁለቱም የተሻለ ያውቅ ነበር።

ሬዲዮን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራ ምክንያቱም ስልክ ጨርሶ የማይተካው እሱን ነው። ስልክ ላይ ያለው ሬዲዮ ኤፍኤም ብቻ ነው፣ እሱንም ለመስማት የጆሮ ማዳመጫ መሰካት አለባችሁ ሽቦው እንደ አንቴና ስለሚያገለግል፣ አዳዲሶቹ ብዙዎቹ ደሞ እሱም የላቸውም፣ በኢንተርኔት ስሙ ነው የሚሏችሁ ያ ደሞ ዳታ ይበላል። ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ነው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ተራራ ሲያጋጥመው ተራራውን ዞሮ አይመጣም። ከጣርማ በር ዋሻውን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ መኪናው ውስጥ ጥርት ብሎ ሲሰማ የነበረ ጣቢያ ሹሹ ማለት የሚጀምረው ለዚህ ነው። አጭር ሞገድ ግን ሌላ ነው፣ ወደ ላይ ይወጣና ከከባቢ አየሩ የላይኛው ክፍል ነጥሮ ተመልሶ ይወርዳል፣ ስለዚህ ተራራው ምንም አያደርገውም፣ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይመጣል። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1965 ነው፣ አባቴ ዛሬም የጀርመን ሬዲዮ ነው የሚለው፣ ማታ አንቴናዋን ይዘረጋና መርፌዋን በጥፍሩ ቀስ እያደረገ ያገኘዋል። ስለዚህ ሬዲዮ ስትገዙ ኤፍኤም ብቻ ያለውን አትግዙ፣ ኤስደብሊው (አጭር ሞገድ ማለት ነው) የሚል ካለበት እሱን ውሰዱ፣ በተለይ ገጠር ላሉ ወላጆች ከሆነ።

ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት የምናውቀው ነገር ነው፣ ልጅ ሆነን ሁላችንም አድርገነዋል። ይሠራል ወይ ካላችሁ ትንሽ ይሠራል፣ ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ኬሚካል ያነቃዋል ግን አዲስ ኃይል አይጨምርበትም፣ የቀረውን አሟጦ እንዲሰጥ ነው የሚያደርገው። እሳት ዳር ግን እንዳታስቀምጡት፣ ሊፈነዳ ይችላል።

የእጅ ሰዓት ላይ ደሞ ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር አለ። ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለሚወስድ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያሳየን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 7 ይላል፣ እኛ በጭንቅላታችን 6 እንቀንሳለን። የራስህ ሰዓት ግን አንተ ያልከውን ነው የሚያሳይህ። ያቺ ጥቁር ፕላስቲክ ካሲዮ፣ ኤፍ 91 የምትባለው፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1989 ጀምሮ እስካሁን ሳትለወጥ እየተሠራች ነው፣ ባትሪዋ 7 ዓመት አካባቢ ይቆያል። እኔ በሐበሻ ሰዓት ነው የሞላኋት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀኗ እንዲቀየር አድርጌ፣ ማለትም ጎሕ ሲቀድ ለሷም አዲስ ቀን ነው። ሰዓት ስንት ነው ስባል እጄን አያለሁ እነግራለሁ፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ካሜራውን በአጭሩ ልለፈው፣ አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ቤት ውስጥ ካላችሁ ለሠርግና ለክርስትና አውጡት፣ ሌንሱ በእውነት ወደፊት ወጥቶ ነው የሚያቀርበው፣ ስልክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምስሉን መለጠጥ ነው። መዝሙር ለሚሰማም ትንሿ ኤምፒ ስሪ ከነሚሞሪዋ ትበቃለች።

ወደ ስልኩ ስንመለስ ሰው የሚፈራው ገንዘቡን ነው፣ ያለ ታች ስልክ እንዴት ብር እልካለሁ እያለ። ቴሌብር በበተን ስልክም ይሠራል፣ ኮከብ 127 መሰላል ብላችሁ መደወል ነው፣ ዳታ አይፈልግም፣ ቀሪ ሒሳብም እንደድሮው ኮከብ 804 መሰላል ነው። ባንክ የሚልከው ማረጋገጫ ቁጥርም በመልእክት ስለሚመጣ ይደርሳችኋል። ሁለት ችግር ግን አለ። አንደኛ ሲሙ፣ ያሁኑ ሲም በጣም የተቆረጠው ትንሹ ነው፣ አሮጌው ቀፎ ደሞ ትልቁን ነው የሚቀበለው፣ ማቀፊያ ፕላስቲኳን መግዛት አለባችሁ፣ ስታስገቡ ቀስ በሉ ከውስጥ ያሉትን ጥርሶች እንዳትሰብሩ። ሁለተኛ ፊደሉ፣ ብዙዎቹ አሮጌ ቀፎዎች አማርኛ አያሳዩም፣ ሳጥን ሳጥን ነው የሚሆንባችሁ፣ ስለዚህ ለሚጽፍላችሁ ሰው ንገሩት። እግረ መንገዴን፣ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ በኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው፣ አማርኛ ጽፋችሁ ሁለት ሦስት ሲቆጥርባችሁ የነበረው ለዚህ ነው።

የማይሆንም ነገር አለ እና መደበቅ የለበትም። የልጆች ትምህርት ቤት ማስታወቂያውን በቴሌግራም ነው የሚለጥፈው፣ ውጭ ያለ ልጅ የእናቱን ፊት ማየት ይፈልጋል፣ ሱቄ ውስጥ ሰው የሚታተም ፋይል የሚልክልኝ በስልክ ነው። እነዚህን ኖኪያ አይሠራልኝም፣ ልተወውም አልችልም። እኔ ያደረግኩት ታች ስልኩን እንደ ኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ሥራ ሲኖር ይወጣል፣ ወደ ቤት ስሄድ እዛው ይቀራል፣ ኪሴ ውስጥ ያለችው በተኗ ናት። እናቴ ስትደውል ያነሳሁት ስልክ ላይ ሌላ ነገር ስለሌለ እሷን ብቻ ነው የምሰማው፣ ይሄ ከባድ ለውጥ ነው ስላችሁ እውነቴን ነው።

አዲስ ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ፣ መጀመሪያ ቁም ሳጥኑን ፈትሹ፣ የቆየ ቀፎ ወይ ሰዓት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ካገኛችሁት ግን ባትሪውን ሳታዩ ቻርጅ ላይ አትሰኩ። ቢኤል 5ሲ የምትባለው የኖኪያ ባትሪ ገበያ ላይ በሽ ናት፣ ትንንሽ ሬዲዮኖችም እሷኑ ስለሚወስዱ አንዷ ለሁለቱም ታገለግላለች፣ ግን ሲያረጅ ሆዱ ይነፋል። ጠረጴዛ ላይ አስተኙትና በጣት አሽከርክሩት፣ እንደ እንዝርት ከዞረ ተነፍቷል፣ አትጠቀሙበት፣ አትብሱትም፣ ከልጆች እጅ አርቁት። የሬዲዮውን ድንጋይ ደሞ ለረጅም ጊዜ የማትሰሙበት ከሆነ አውጥታችሁ አስቀምጡት፣ አለዚያ ፈሶ ሽቦውን ይበላዋል፣ የአባቴ የመጀመሪያዋ ሬዲዮ የሞተችው በዛ ነው፣ አንድ ክረምት ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ድንጋዩን ያወጣለት ሰው አልነበረም።