አንድሮሜዳ፦ የግሪክ አፈ ታሪክ ኢትዮጵያዊት ልዕልት

አንድሮሜዳ በጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት በዋናነት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ስለነበር የታሪኩ አገር ከዛሬዋ ኢትዮጵያ ወሰን ጋር አይገጥምም።

መከራዋ የመጣው በእናቷ አንደበት ነው። ካሲዮፔያ በውበት ከባሕር ደናግሉ ከኔሬይዶች እበልጣለሁ ብላ ተመጻደቀች፤ ያወደሰችው ልጇን ነው የሚሉም አሉ። የባሕር አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ አገሩን በጎርፍ መታው፤ አስፈሪ የባሕር አውሬም ሰደደበት። ሴፌዎስ የአሞን የተባለውን አምላክ ንግርት ሲያስጠይቅ፣ ልጁን ለአውሬው ካልሰጠ መቅሠፍቱ እንደማይቆም ተነገረው። ሕዝቡ አስገደደውና ልጅቱ ከባሕር ዳር ቋጥኝ ጋር ታሰረች።

ግሪካዊው ጀግና ፐርሴዎስ፣ ፊቷን ያየ ሁሉ ድንጋይ የሚሆንባትን ሜዱሳን ገድሎ ሲመለስ ያገኛት በዚህ ሁኔታ ነው። አውሬውን ከመግጠሙ በፊት ካዳናት ሊያገባት ከአባቷ ጋር ተዋዋለ። አገዳደሉን ሁሉም በአንድ ዓይነት አይተርኩትም፦ ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ በሰይፍ ነው ሲል፣ ከ6ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ የቀረ አንድ የቆሮንቶስ ጋን ላይ ግን ፐርሴዎስ ድንጋይ ሲወረውር ተሥሏል። ቀድሞ ያጫት አጎቷ ፊኔዎስ ሊነጥቀው ሲነሣ ፐርሴዎስ የሜዱሳን ራስ አሳየው፤ ከነተከታዮቹ ድንጋይ ሆነ።

በአብዛኞቹ ትረካዎች እሷ የምትታሰር፣ የምትፈታና የምትዳር ብቻ ናት። ግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ዩሪፒዲስ በ412 ቅድመ ክርስቶስ ያቀረበው፣ ዛሬ ቁርጥራጩ ብቻ የቀረ ተውኔት ግን ለየት ይላል፤ ከእሱ እንደተወሰደ በሚነገረው ትረካ ከአባትና ከእናቷ ጋር መቅረትን እምቢ ብላ በራሷ ፈቃድ ከፐርሴዎስ ጋር ወደ ግሪክ ከተማ አርጎስ ሄደች። ይህ ክፍል ከአውሬው ፍልሚያ ባልተናነሰ ሊነገርላት ይገባል። የበኩር ልጇ ፐርሴስ ከአያቱ ዘንድ ቀረ፤ የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ፋርሶች ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው ይላል። በግሪክ ከወለደቻቸው አንዱ ኤሌክትሪዮን የአልክሜኔ አባት ነው፤ አልክሜኔ ደግሞ ሄራክሊስን ወለደች። የግሪኮች ታላቅ ጀግና ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊት ናት ማለት ነው።

ሌሎች ጸሐፍት ታሪኩን ወደ ኢዮጴ፣ ወደ ዛሬዋ ያፋ፣ አዛውረውታል። ሮማዊው ባለሥልጣን ስካውረስ በ58 ቅድመ ክርስቶስ «የአውሬው አጥንት» ብሎ ከዚያ ያስመጣው 40 የሮማ ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ የዓሣ ነባሪ ሳይሆን አይቀርም።

መልኳም ተለውጧል። ኦቪድ በአንድ ግጥሙ ጠይም ይላታል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን፣ ቲሺያንን ጨምሮ፣ ነጭ አድርገው ሣሏት፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውም ያንኑ ነው። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው የየት አገር ልጅ እንደሆነች ሊገምት አይችልም።

ከሞተች በኋላ የጥበብ አምላክ አቴና ከዋክብት መካከል አኖረቻት። በስሟ የሚጠራው ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኑ የተረጋገጠው ኤድዊን ሀብል በ1923 እ.ኤ.አ. በውስጡ ሴፊድ የሚባል፣ ብርሃኑ የሚለዋወጥና ርቀት ለመለካት የሚያስችል ኮከብ ካገኘ በኋላ ነው፤ የዚህ ዓይነት ከዋክብት ስም የመጣው ደግሞ ከአባቷ ኅብረ ኮከብ፣ ከሴፌዎስ ነው።

ጋላክሲውን ከአዲስ አበባ አካባቢ ለማየት የኅዳር መጀመሪያ ይመቻል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ዞሮ፣ ከአናት አጠገብ ያለውን የፔጋሰስ ኅብረ ኮከብ ትልቅ አራት ማዕዘን መፈለግ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ጥጉ ያለው አልፌራትዝ የአንድሮሜዳ ራስ ነው። ከእሱ ወደ ምሥራቅ ሁለተኛው ደማቅ ኮከብ ሚራክ ነው፤ ከሚራክ በእናቷ ስም ወደሚጠራው ኅብረ ኮከብ፣ ወደ ካሲዮፔያ አቅጣጫ ሁለት ደብዛዛ ከዋክብት ሲቆጠሩ ከሁለተኛው አጠገብ ትንሽ የደመና ጠብታ የመሰለች ነገር ትታያለች፤ ከአድማስ በላይ 58 ዲግሪ ያህል ላይ። ብዙዎች የሚያጧት ዓይናቸው ጨለማ ሳይለምድ፣ ጨረቃ ወጥታ ወይም ከከተማ መብራት ሥር ሆነው ስለሚፈልጓት ነው። ቢያንስ 20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ቆይቶ፣ ፊት ለፊት ከማፍጠጥ ይልቅ ከጎኗ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ ማየት ይረዳል።