ስለትና ምስጋና በአራዳ ጊዮርጊስ

ስለት ምእመን ሲጨንቀው ወይም ሲጓጓ በታቦቱ ስም ለእግዚአብሔር የሚገባው ቃል ነው። የተለመነው ሲደርስ «ስለቴ ሰመረ» ይባላል፤ ባለ ስለቱም የተሳለውን ይዞ ደጁን ሊሳለም ይመጣል። በመሀል አዲስ አበባ ይህን ማየት የሚፈልግ በወሩ 23 ቀን፣ ይልቁንም ለሚያዝያ 23 ዓመታዊ ንግሥ፣ ፒያሳ ወጥቶ መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ይግባ። የከተማው ሰው አራዳ ጊዮርጊስ የሚለው ነው።

በቅጥሩ ዙሪያ ጧፍ፣ ሻማና ዕጣን ይሸጣል። ከሚገቡት አንዱ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሸክሟል፤ አንዷ ባለ ዘርፍ ጥላ በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ሌላዋ የያዘችው ታጥፎ መዳፏ ውስጥ የጠፋ ብር ብቻ ነው። ስለቱ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፦ ወለተ ማርያም ልጅ አግኝታ፣ ኃይለ ሚካኤል ከሕመሙ ተነሥቶ። ወለተ ማርያም ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም፤ የአጥቢያው እናቶች ግን እንደ ገዛ ልጃቸው እልል ይሉላታል። ከዚህ ልማድ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ እልልታ ነው።

ስለትን እንደ ውል የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ ይህን ብትሰጠኝ ያንን እሰጥሃለሁ እንደማለት። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን እንዲያ አይደለም። ጸጋ በግእዝ ስጦታም ሀብትም ነው፤ አማርኛችን «ባለጸጋ» የሚለው ከዚያው ወስዶ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች የዳኑት በጸጋ እንደሆነ፣ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ ከእነርሱ እንዳልሆነ ጽፎላቸዋል። በስጦታ የመጣ ነገር በጥላና በምንጣፍ አይገዛም። መካኗ ሐና ተስላ ሳሙኤልን ወለደች፤ ጡት ባስጣለችው ጊዜ ወደ ሴሎ ወስዳ የሰጠችው ያንኑ የተሰጣትን ልጅ ነው። ዛሬም ከብዙ ልመና በኋላ የተወለደ «የስለት ልጅ» ይባላል፤ ተመስገን፣ ስጦታው፣ ጸጋዬ የሚሉት ስሞችም ከዚሁ መንፈስ የወጡ ናቸው።

ቅዳሴውም ይህንኑ ያስተምራል። በመግቢያው ላይ የሚደርሰው ጸሎተ አኮቴት ይባላል፤ አኮቴት ምስጋና ነው። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምርና ለምን እንደምናመሰግን ይቆጥራል፦ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ ወደ እርሱም አቅርቦናልና። ከዚያ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት»፣ እስከዚች ሰዓት አድርሶናልና ይላል። ግእዝ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ሐሳብ በአፉ ይዞታል። በበዓል ቀን «እንኳን አደረሰዎ» ሲባል «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ የሚመልስ ሁሉ መድረሱን እንደ ስጦታ እየቆጠረ ነው።

ካቴድራሉ ራሱ የምስጋና ታሪክ አለው። የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ታቦቱም አብሮ ዘምቶ እንደነበር ይነገራል። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃ ከድሉ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ተሠራ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተቃጥሎ ከነጻነት በኋላ ታደሰ።

በከተማዋ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ምስጋናው በምስክርነት ይቀርባል። እሁድ በአምልኮው መካከል አንድ ሰው ማይክሮፎን ይቀበልና ጌታ ያደረገለትን ይናገራል፤ ድምፁ ሲሰበር ጉባኤው በ«አሜን» እና በ«ሃሌ ሉያ» ይደግፈዋል። በአራዳ በክርስትና ስም የሚሸፈነው እዚህ በፊት ለፊት ይነገራል፤ ጸጋውን ግን ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው ይላሉ።

ስለቱን አግብቶ የሚወጣ ሰው በጊዮርጊስ በር ላይ ነድያንን ያገኛል። ከቤቱ ድፎ ዳቦ ወይም ንፍሮ ይዞ የመጣ እዚያው ያድላል። ተቀባዩ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ብድሩን መመለስ ስለማይችል ከፋዩን እግዚአብሔርን ያደርጋል። በኪሱ ሳንቲም ያጣ አላፊ አግዳሚም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለለማኙ የሚመልሰው ይህንኑ ቃል ነው።