«ጨለማ ቤት ይክተቱትና ልብ ይግዛ!»፦ ለብቻ ስለ መታሰር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ እስረኛ ከዞረ፣ አንዱ «ጨለማ ቤት ይክተቱትና ልብ ይግዛ» ማለቱ አይቀርም። ታራሚን ከሌሎች ነጥሎ ለብቻው መቆለፍ ብዙ አገሮች እየገደቡት ያለ ቅጣት ነው። እኛ ጋ ግን አሁንም መድኃኒት ይመስለናል።

«ብቻውን ሲሆን ይጸጸታል»

ሥር የሰደደው ይሄኛው ነው። አይፈረድብንም፤ ሰሜን ሸዋ የገዳም አገር ነው። ደብረ ሊባኖስን ይዞ፣ ሰው ከዓለም ሲርቅ ወደ ፈጣሪው ይቀርባል ብሎ ያደገ ሕዝብ ሌላ ምን ያስባል? አሜሪካኖችም እንዲሁ አስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1829 ፊላደልፊያ ውስጥ የተከፈተው ኢስተርን ስቴት እስር ቤት እያንዳንዱን እስረኛ ለብቻው ይዘጋበት ነበር፤ ንስሐ ይገባል ተብሎ። በ1913 አሠራሩን በይፋ ተዉት።

ባሕታዊው ፈልጎ ነው የገባው። ጸሎት አለው፣ አበምኔት አለው፣ ሲሻው ይወጣል። በታራሚው ላይ በሩን የሚቆልፈው ግን ሌላ ሰው ነው፤ መቼ እንደሚከፈትም ላይነገረው ይችላል። እንቅልፍ ይጠፋል። ጭንቀት ይነግሣል። የሌለ ድምፅ መስማት የሚጀምር አለ፣ ራሱን የሚጎዳም አለ። በዚህ ሁኔታ ላይ ካለ ሰው ጸጸት መጠበቅ የዋህነት ነው።

«እዚያ የሚገባው አደገኛው ብቻ ነው»

ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ ሪከርስ ደሴት ታሰረ። ሳይፈረድበት ሦስት ዓመት ገደማ ቆየ፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋውን ለብቻው። በኋላ ክሱ ተቋረጠ። ልጁ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ራሱን አጠፋ። ሌሎች እንዳያጠቁት «ለራሱ ደህንነት» ተብሎ የሚነጠልም አለ። ተጠቂውን ቆልፎ አጥቂውን ግቢ ውስጥ ማንሸራሸር ማለት ነው።

«መብራት ካለ፣ ካልተደበደበ ምን ይሆናል?»

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ጨለማ ክፍልንም፣ መብራቱ ሌት ተቀን የማይጠፋ ክፍልንም ይከለክላሉ። በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ የረባ የሰው ንክኪ ሳይኖር መቆለፍ ለብቻ ማሰር ይባላል። በተከታታይ ከ15 ቀን ካለፈ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

«እሱ ካልተነጠለ ግቢው አይረጋም»

ሚሲሲፒ ውስጥ ዩኒት 32 ከሚባለው እስር ቤት አብዛኞቹን ከብቸኝነት ሲያወጧቸው ጠብ ይበዛል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ጭራሽ ቀነሰ። ኮሎራዶ ደግሞ በመራራ መንገድ ነው የተማረችው። እ.ኤ.አ. በ2013 የእስር ቤቶቹን ኃላፊ ቤቱ በር ላይ የገደለው ሰው፣ ከብቸኛ ክፍል በቀጥታ ወደ መንገድ የተለቀቀ ነበር። ተተኪው ኃላፊ ሪክ ሬሚሽ በዚያው ዓይነት ክፍል 20 ሰዓት ራሱን አስቆልፎ ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ2017 ክልሉ ጣሪያውን 15 ቀን አደረገ።

«ይሻሻል የሚሉት ወንጀለኛ እንዲንደላቀቅ ነው»

አይደለም። የተደባደበን ለጊዜው መለየት ይቻላል። ግን የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ የጤና ባለሙያ በየቀኑ እያየው። የአእምሮ ሕመም ያለበትና የሚብስበት ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው»

የሸዋ ነገሥታት የገዛ ወንድሞቻቸውን አንኮበር አካባቢ ጎንቾ ላይ ያስሩ እንደነበር እየታወቀ ነው እንዲህ የምንለው? ከሰው ነጥሎ ማሰር ለኛ ባዳ አይደለም። ሕገ መንግሥታችንም ዝም አላለም። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ መብት ይሰጠዋል።

ደግሞ እኛ ጋ ታራሚ የሚኖረው በጠያቂ ነው። እናት ከመንዝ ተነስታ፣ ምሳ ዕቃውን በነጠላ ጠቅልላ፣ ፍተሻውን አልፋ በር ላይ ትደርሳለች። «እሱ ቅጣት ላይ ነው፣ አይጠየቅም» ትባላለች። አብዛኛው ሰው «እሺ ልጄ» ብሎ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። ከመመለስ በፊት ግን መጠየቅ ይቻላል፦ በምን ጥፋት ነው? እስከ መቼ? ማነው የወሰነው? ሐኪም አይቶታል? መልስ ከጠፋ ጠበቃ ወይም የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አለ። የተነጠለበትን ቀን መጻፍ አይረሳ፤ 15 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።