ተደራሽነት ምንድን ነው? ማዳረስም አይደለም፣ መሸከምም አይደለም

«ተደራሽነታችንን አስፍተናል» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ተከትሎ የሚመጣው የቅርንጫፍ ብዛት ነው። ቅርንጫፍ ማብዛት ማዳረስ ይባላል። ተደራሽነት ግን ሰው በራሱ ሊደርስበት፣ ሊገባበት፣ ሊገለገልበትና ተመልሶ ሊወጣ የሚችል መሆን ነው። አዲሱ ቅርንጫፍ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከተከፈተ አገልግሎቱ ለሰፈሩ ተዳርሷል፤ በዊልቸር ለሚሄደው ሰው ግን ተደራሽ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ «ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ) አለው፣ ስለዚህ ተደራሽ ነው» የሚለው ነው። የውሃ መስመርን እናስብ። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ታንከር ተሰቅሎ፣ ቧንቧ ተዘርግቶ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ካልተያያዘ ቤት ውስጥ ጠብታ አይወርድም። የሰውም መንገድ እንዲሁ ነው፤ ከታክሲ መውረጃው ይጀምርና በእግረኛ መንገዱ፣ በፍተሻው፣ በበሩ፣ በአገልግሎት መስኮቱ አልፎ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ይዘልቃል። ራምፕ ከእነዚህ ሁሉ አንዱ መጋጠሚያ ነው። እሱም በትክክል ከተሠራ ነው።

በትክክል የሚሠራው እንዲህ ነው። ከፍታው በ12 ይባዛል። እያንዳንዳቸው 15 ሳ.ሜ. የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 45 ሳ.ሜ. ናቸው፤ ስለዚህ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ሳ.ሜ. ርዝመት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ከደረጃው ጎን ተሸጉጦ በ1 ሜትር ተኩል የሚያልቅ ነው፤ ያ 30 በመቶ ዳገት ነው። የክንድ ጉልበት እንደ ውሃ ግፊት ልክ አለው፤ ከልኩ ሲያልፍ አይወጣም። እዚያ ላይ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ሲወርድ ደግሞ ጎማውን በመዳፍ ይዞ ማቆም ያቅታል። የራምፑ ገጽ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ከሆነ በክረምት ለማንም አደጋ ነው። አንድ ለ12 የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ግብ አለመሆኑንም ልብ በሉ፤ ቦታ ካለ አንድ ለ20 ይሻላል። ደግሞ በክራንች ወይም በሰው ሠራሽ እግር ለሚሄድ ሰው ከረጅም ራምፕ ይልቅ የእጅ መደገፊያ ያለው ዝቅ ዝቅ ያለ ደረጃ የሚቀልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኑሩ።

ሳይት ላይ ተደጋግሞ የሚበላሸው ጫፉ ነው። ራምፑ ኮንክሪት ይሞላል፤ ከወራት በኋላ የውስጡ ወለል ሊሾና ሴራሚክ ሲለብስ በ4 ወይም በ5 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል፤ በሩ ሥር ጠርዝ ይቀራል። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ናቸው፤ ሊያቆማቸው 2 ሳ.ሜ. ጠርዝ በቂ ነው። ጎማው ቀጥ ይላል፣ ሰውየው ወደ ፊት ይወረወራል። መሐንዲሱ ከፍታውን መውሰድ ያለበት ወለሉ ሴራሚክ ለብሶ ከሚያልቅበት ልክ ነው።

ስለ ተደራሽነት ሲነሣ አንድ አስተያየት ሰጪ «የኛ ሕዝብ ደግ ነው፣ ተሸክሞ ያስገባዋል፤ ምን ያስጨንቃል?» ሲል ጽፏል። ደግነቱ እውነት ነው። ግን ጎረቤት በጀሪካን ውሃ ስላመጣ ቤቱ ውሃ ገባለት አይባልም። ጎረቤቱ ሳይኖርስ? ሌሊትስ? ተሸክመው ያስገቡት ሰው ለመውጣትም፣ መጸዳጃ ለመሄድም ሰው መለመን ሊኖርበት ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ የማታውቃቸው ወንዶች ክንድ ላይ መውደቅ ነው። አደጋውም አለ፤ የብዙ ዊልቸሮች የክንድ ማሳረፊያና የእግር መርገጫ ተነቃይ ናቸው፤ እነሱን ይዞ የሚያነሣ ሰው ዕቃው እጁ ላይ ይቀርና ወንበሩ ይወድቃል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ሲጋጭ ሕመሙ ላይሰማው ይችላል፤ ቁስሉ የሚታወቀው ካመረቀዘ በኋላ ነው።

መርዳት ካስፈለገ መጀመሪያ «ልርዳህ?»፣ «ልርዳሽ?» ብሎ መልሱን መጠበቅ ነው። ጥያቄው ለራሱ ለሰውየው ይቅረብ እንጂ አብሮት ለመጣው አይደለም። የሚያዘውም የማይነቀለው የወንበሩ ብረት ነው፤ ቁልቁለት ሲከፋ ወንበሩ ፊቱን አዙሮ በጀርባ ይወርዳል።

ሕጉም የሚናገረው ስለ ሕንፃው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል፤ መጸዳጃ ቤትንም ለይቶ ጠቅሷል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ተደራሽነትን የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል፤ አካል ጉዳተኛ ደንበኛ በር ላይ እስኪመጣ ሳይጠበቅ አስቀድሞ የሚሟላ ግዴታ ነው።

ሊፍትም ቢሆን ጄኔሬተሩ ላይ ካልተያያዘ በፈረቃ እንደሚመጣ ውሃ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰው እዚያው ይቀራል። መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሲደረስ ደግሞ በሩ 70 ሳ.ሜ. ሆኖ ወደ ውስጥ ይከፈታል። የተለመደ ዊልቸር ብቻውን 65 ሳ.ሜ. ገደማ ይሰፋል፤ ጎማ የሚገፋው እጅ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል፤ እንደምንም ቢገባም በሩ ወንበሩን እየገጨ አይዘጋም። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ማዞር የአናጺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማስፋት ግን ግድግዳ መስበር ስለሆነ፣ ከ80 ሳ.ሜ. ያላነሰው የጠራ ክፍተት (በሩ ሲከፈት የሚገኘው ማለፊያ) ብሎኬት ከመደርደሩ በፊት ፕላኑ ላይ መለካት አለበት።